ሰባት የናስ ሚስማር

የእህቴ አርባ ከወጣ በኋላ ነው ወርክሾፑን የከፈትኩት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ከረመ። ሁለት ጊዜ ጌጃ ሰፈር ድረስ መጥቼ፣ ከቆርቆሮው በር ፊት ቆሜ፣ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ከፈትኩት።

መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የንብ ሰም፣ የተልባ ዘይት፣ ትንሽ ነጭ ጋዝ። እህቴ ሦስቱን በቆርቆሮ ጣሳ ቀላቅላ የድሮ ጠመንጃ እንጨት ትወለውልበት ነበር። እጇ ይህን ይሸታል። ነጠላዋ ይህን ይሸታል። ከሥራ ስትመለስ የምትገዛልኝ ዳቦ ሳይቀር ይህን ይሸታል። ልጅ ሆኜ የእህት ሽታ ማለት ይህ ይመስለኝ ነበር። የጓደኞቼ እህቶች ለምን ይህን እንደማይሸቱ ይገርመኝ ነበር።

አስካለ ትባላለች። እኔ እታለም ነው የምላት። በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። ትበልጠኝ ነበር ማለት ነበረብኝ። እስካሁን አልለመድኩትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ጽሑፍ ግን ሥራዬ አይደለም። አንዳንድ ቦታ ከቆምኩ በዚህ ምክንያት ነው።

ግድግዳው ላይ የቀረችው አንዲት ጠመንጃ ናት። ሌሎቹን እህቴ ራሷ፣ ታማ ሳለች፣ አንድ በአንድ ሸጣ ጨርሳለች። ይህችን አልሸጠችም። አሁን ሰፈሩ ሊፈርስ ስለሆነ ቤቱን ማስረከብ አለብን። አንድ ገዢም እሁድ መጥቶ ሊያያት ቀጠሮ ይዟል። ከአፈ ሙዟ አጠገብ በሲባጎ የታሰረ የካርቶን ቁራጭ አለ። ጽሑፉ ወደ ግድግዳ ዞሯል። የተጻፈበትን የማውቅ ይመስለኛል። ነገር ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አላነበብኩትም። ላነበው እችል ነበር። አላነበብኩትም።

ከማውረዴ በፊት ስለዚያ ክረምት ልጻፍ።

ሦስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ክረምት ነበር። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እናታችን ጠዋት ወጥታ ሲመሽ ስለምትገባ ቀኑን የምውለው እታለም ጋ ነበር። አባታችን የጠመንጃ እንጨት ሠሪ ነበር፤ ፈቃድ ላላቸው አዳኞች ሰደፍ ይጠርባል፣ የተሰነጠቀ ያጣብቃል። እታለም እንጨቱን እየያዘችለት ነው ያደገችው። እሱ ሲሞት መሣሪያዎቹን ማንም ሳይጠይቃት ተረከበች። አዲስ ጠመንጃ ግን አትነካም። የያዘችው የድሮዎቹን ብቻ ነው፤ ያውም በአፈ ሙዛቸው የሚጎርሱትን የአደን ጠመንጃዎች። እነዚህ ባሩዱም አረሩም ከፊት በአፋቸው ይገባና በዘንግ ይጠቀጠቃል። አንዴ ይተኮሳሉ። ከዚያ እንደገና እስኪጎርሱ ድረስ አዳኙ እጁ ላይ ያለው ዱላ ነው።

ሰዎች እነዚህን ጠመንጃዎች የሚያመጡት ጋቢ ውስጥ ጠቅልለው ነበር። ከቁም ሳጥን ላይ፣ ከአልጋ ሥር፣ ከአያት ሞት በኋላ ከተገኘበት ቦታ ሁሉ። እንደታመመ ልጅ አቅፈው ይገባሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው ያጋድማሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። እታለም ጋቢውን ትገልጥና ረጅም ቀጭን ዘንግ ወደ አፋቸው ትሰዳለች። ስለዚህ እኔ የጠመንጃ ሐኪም ትመስለኝ ነበር። እኔንም ሐኪም ቤት አፌን ከፍተው እንዲሁ ነበር ያዩኝ።

በኋላ ነው ያስረዳችኝ። ዘንጉን እስከ መጨረሻው ትሰደዋለች። ከአፈ ሙዙ ጋር እኩል የሆነበትን ቦታ በጣቷ ትይዛለች። ከዚያ አውጥታ በውጭ በኩል ከብረቱ ጎን ታስተኛዋለች። የዘንጉ ጫፍ እሳት መስጫዋ ቀዳዳ ድረስ ከደረሰ ባዶ ነው። በሦስት በአራት ጣት ካጠረ ውስጡ የተቀመጠ ነገር አለ።

አንድ ቀን አጠረ። ጠመንጃውን ያመጡት ሴትዮ ባላቸው የሞቱባቸው ነበሩ።

“የት ነበር የተሰቀለው እናቴ?” አለቻቸው እታለም፣ ዘንጉን እንደያዘች።

“ከአልጋዬ በላይ። ሠላሳ ዓመት አልፎታል።”

“ጎርሷል።”

ሴትዮዋ በርጩማ ፈልገው ተቀመጡ። “ሦስት ልጅ የወለድኩት እኮ እሱ ሥር ነው” አሉ ቆይተው። እታለም አልሳቀችም፣ አልጮኸችም። አፈ ሙዙን ወደ ባዶው ግድግዳ አዞረች፣ እኔን ወደ ውጭ አስወጣችኝ፣ በአፈ ሙዙ ውሃ ሞላችበት፣ ፖሊስ ጣቢያ ሰው ላከች። ፖሊሱ መጥቶ አጠገቧ ሲቆም በመስኮቱ ቀዳዳ አየሁ። ላብ ያጠመቀው እሱን ነው። እሷ ካልሲ የምትጠግን ነበር የምትመስለው።

ወረቀት የሌለው ጠመንጃ ግድግዳዋ ላይ አይወጣም ነበር። እያንዳንዱን ጣቢያ ወስዳ ታስመረምራለች፣ የማይተኩስ መሆኑ የተጻፈበትን ወረቀት ታመጣለች። ከዚያ በኋላ ነው ገዢ የሚያየው። ገዢዎቹ ባለ ሆቴሎች፣ ባለ ምግብ ቤቶች፣ ግድግዳቸው ባዶ የሆነባቸው ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ገብተው እሷን ሲያዩ ዙሪያቸውን ይቃኛሉ።

“ባለቤቱ የለም?”

“አለ፣ ይቀመጡ።”

ይቀመጣሉ። እሷ ሥራዋን ትቀጥላለች። አሥር ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት።

“መቼ ነው የሚመጣው?”

“መጥቷል” ትላለች፣ ቀና ሳትል።

ከጎናችን ሶፋ የሚሠሩት የጋሽ ሙሉጌታ ልጆች ኮማንዶዋ ይሏት ነበር። “ኮማንዶዋ እህትህ ዛሬ ስንት ሰው ማረከች?” ይሉኛል ሳልፍ። እኔ ደስ ይለኝ ነበር። የሚያሾፉ አይመስለኝም ነበር።

ስለ ካርቶኑ ልንገራችሁ። በየጠመንጃው ላይ ከጫማ ካርቶን የተቆረጠ ቁራጭ ታስራለች። የምትጽፍበት የምታውቀውን ብቻ ነው። የሰማችውን ስትጽፍ ከማን እንደሰማች ትጽፋለች። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ይህንኑ የሚሸጡ ሰዎች ሁሉንም ጠመንጃ የአንድ ስመ ጥር ጀግና ነበር እያሉ ይሸጡ ነበር። አንድ ሰውዬ መጥቶ አንዱን አነሳና፣ “ይህስ የማን ነበር?” አላት።

“አላውቅም።”

“እንደው በግምት?”

“በግምትም አላውቅም።”

ሰውዬው ወጥቶ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ ገዛው። “አላውቅም ያለችኝ እሷ ብቻ ናት” ሲል የሰማሁት ለጓደኛው ነው። ያን ጊዜ እህቴ ምን እንደምትሸጥ ትንሽ የገባኝ መሰለኝ።

አባባ ቱሉ የመጡት ሐምሌ ውስጥ ነው። ዝናብ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ በጋቢያቸው የተጠቀለለው ጠመንጃቸው ደረቅ ነበር፣ እሳቸው ግን ርሰዋል። የጌጃ ሰፈር ሰው ነበሩ። ቤታቸው ፈርሶ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ገብተዋል።

“ግድግዳው ሚስማር አልቀበል አለ አስካለ” አሉ። “ስድስት ሚስማር አጣመምኩ። ሰባተኛው ጣቴን አገኘው።”

“በድሪል ይበሳል እኮ አባባ።”

“ግድግዳውስ እሺ ይል ይሆናል። እሺ የማትለው ሚስቴ ናት። አዲስ ቤት በጠመንጃ አልጀምርም አለች። ሃምሳ ዓመት አብራት ኖራ ዛሬ ፈራቻት።”

ጠመንጃዋን “እሷ” እያሉ ነው የሚጠሯት። የአባታቸው ነበረች። አባታቸው ግቤ በረሃ አዳኝ ነበሩ። እታለም ዘንጉን ሰደደች፣ ለካች፣ ባዶ ነበረች። ከዚያ ሰደፏን ወደ ብርሃን አዞረች። በአንድ መስመር የተመቱ ሰባት የናስ ሚስማሮች ነበሩባት፤ ራሳቸው ክብ፣ ቡናማ ወርቅ የመሰለ፣ ከእንጨቱ ጋር እኩል የሆኑ። እኔ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ የተመቱ መስለውኝ ነበር።

“አባቴ አውሬ በጣለ ቁጥር አንድ ይመታ ነበር” አሉ አባባ ቱሉ። ጣታቸውን ከአንዱ ወደ አንዱ እያሳለፉ ነገሩን። ጎሽ። ጎሽ። ነብር። አንበሳ፣ እሱ ላይ ጣታቸው ትንሽ ቆየ። እንደገና ጎሽ። ስድስተኛውን ዝም ብለው አለፉት። ሰባተኛው ጎሽ።

“ከሳተስ?” አልኳቸው።

“ከሳተ ይሮጣል። ካልሮጠ ደግሞ እንደገና ያጎርሳታል። ስለዚህ ሁለተኛዋን አረር ጉንጩ ውስጥ ነበር የሚይዛት። ከኪስ እስኪወጣ ማን ይጠብቃል? ከጉንጭ ወደ አፈ ሙዝ ነው። አደን የወጣ ቀን አባቴ አይናገርም። አፉ ውስጥ ሞት ይዞ ምን ይናገራል?”

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ብይ ጉንጬ ውስጥ ይዤ መዋል ጀመርኩ። ሰማያዊ የብርጭቆ ብይ ነበረች። ድሮም ቃል ቶሎ አይወጣኝም፤ መምህሬ ሲጠይቀኝ ክፍሉ ሁሉ ይጠብቀኛል። ብይዋን ከያዝኩ ወዲህ ግን ዝምታዬ ምክንያት አገኘ። እንደ አዳኙ ነኛ። እናቴ ጥርሴን ያመመኝ መስሏት ጨው በውሃ አድርጋ አጉመጠመጠችኝ። ብይዋን በአንደኛው ጉንጭ ይዤ በሌላኛው ተጉመጠመጥኩ።

አባባ ቱሉ የለመኑት አንድ ነገር ነው።

“የማያት ቦታ ስቀይልኝ” አሏት እታለምን። “ሩቅ እንዳትሰጫት። ከተክለ ሃይማኖት ስመለስ ሻይ የምጠጣበት ቦታ ቢሆን፣ ገብቼ፣ አይቻት፣ ሻዬን ጠጥቼ እወጣለሁ። ሌላ አልፈልግም።”

እታለም እሺ ለማለት የምትቸኩል ሰው አይደለችም። እንጨቱን በመዳፏ ስታሻሽ ቆየችና፣ “የሚያዩበት ቦታ ካልሆነ ከዚህ ቤት አትወጣም” አለች። ካርቶን ቆርጣ ጻፈች፦ ሰባት ሚስማር፣ እያንዳንዱ አንድ አውሬ፣ የአዳኙ ልጅ እንደነገሩኝ።

ሻይ የሚጠጣበት ቦታ የተገኘው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው። እታለም ለወረቀት ጣቢያ ሄዳ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሆቴል ያላቸው ሰውዬ የመኪና ቁልፍ እያሽከረከሩ ገቡ። አባባ ቱሉ ሻይ የሚጠጡት እሳቸው ጋ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነግረውኛል።

“እህትህ ምልክት ያለበት የአደን ጠመንጃ አላት ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?”

ራሴን ነቀነቅኩ። ጠመንጃዋ ከውስጥ ተጠቅልላ ነበር። እንዳሳያቸው አልተፈቀደልኝም።

“ስንት ምልክት ነው?” ሲሉኝ ዝም አልኩ። ብይዋ አለች። እሳቸው ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል ቀጠሉ። “ከእኔ ፊት ለፊት ያለው ሆቴል በሩ ላይ አንድ ሰቅሏል። ስምንት ምልክት ቆጥሬበታለሁ። ከስምንት የሚያንስ ከምሰቅል የበሬ ቀንድ ብሰቅል ይሻለኛል። ነገ ጠዋት እመጣለሁ በላት።”

ስትመለስ፣ ነገ ሰው ይመጣል አልኳት። ስለ ስምንቱ አልነገርኳትም።

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው። ጋሽ ሙሉጌታ ጋ ሄጄ ሁለት የሶፋ ሚስማር ለመንኩ። ራሳቸው ክብ ቢጫ የሆኑትን። ከሰማያዊዋ ሌላ አንድ ብይ ሰጥቼ ወሰድኩ። አጭበርባሪዎች አዲስ ናስ እንዴት እንደሚያስረጁ እታለም አሳይታኛለች፤ እንዴት እንደሚሠሩት ካላወቅክ አትይዛቸውም ብላ። ሎሚ ቀባኋቸው፣ አደረቅኳቸው፣ በጥቀርሻ አሸኋቸው፣ እንደገና ሎሚ። ምሳ ሰዓት እሷ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ሰደፏን ገለጥኩ። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ መጀመሪያ በወስፌ በሳሁት። ያንንም ያሳየችኝ እሷ ናት። ከሰባተኛው ቀጥሎ፣ በመስመሩ፣ አንድ መታሁ። ሁለተኛውን ስመታ አውራ ጣቴን ደረብኩ። አልጮህኩም። ሰም ቀባሁበት። ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። ዘጠኝ። የሚያምር ሥራ ነበር፤ አሁንም እንደዚያ አስባለሁ።

የሠራሁት ክፉ አልመሰለኝም። ያየሁት አባባ ቱሉ ሻይ ይዘው ቀና ሲሉ ነው።

በማግስቱ ባለ ሆቴሉ መጡ። እታለም ጠመንጃዋን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችላቸው። መነጽራቸውን አጠለቁና ከሚስማር ሚስማር እያለፉ ጮክ ብለው ቆጠሩ። “ስምንት። ዘጠኝ።” ቀና አሉ። “ዘጠኝ። በቃ። በር ላይ ነው የምትሰቀለው።”

እታለም ካርቶኑን ልታስር ሲባጎውን ይዛ ነበር። እጇ ቆመ።

“ሰባት ነው” አለች።

“ያው ፊትሽ ነው፣ ቁጠሪው።”

ቆጠረች። ዓይኗን ጨፍና በአውራ ጣቷ ነው የቆጠረችው። ሰባቱን አለፈች። ስምንተኛው ላይ ቆመች። የድሮ ሚስማር ከእንጨቱ ጋር አብሮ ስላረጀ ጥፍር አይዝም። አዲስ ይይዛል። ጥፍሯ ያዘ። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ፊቴን አላየችም። ያየችው ጠቁሮ ያበጠውን አውራ ጣቴን ነው።

“ሁለቱ አዲስ ናቸው” አለች። “ትናንት የተመቱ ናቸው።”

“ማን መታቸው?”

“እዚህ ቤት ውስጥ ነው የተመቱት።”

ባለ ሆቴሉ ሳቁ። “ታዲያ ምን ችግር አለው? እኔ አልጠየቅኩሽ፣ አንቺ አልነገርሽኝ። የእኔ እንግዳ የሚያየው ዘጠኝ ነው።”

“ካርቶኑ ሰባት ነው የሚለው።”

“ካርቶኑን ተዪዋ።”

“ካርቶኑን ከተውኩ ምን እሸጥልዎታለሁ? እንጨትማ ጎረቤቴም ይሸጣል።”

“እሺ፣ ሁለቱን ንቀያቸው።”

“ብነቅላቸው ቀዳዳ ይቀራል። ቀዳዳውን በሰም ብሞላው ያው ሌላ ውሸት ነው። ተጨምሮባታል፤ ተጨምሮባታል ተብሎ ይጻፋል።”

“እንዲህ የተጻፈባትን ነው በር ላይ የምሰቅለው?”

“እርስዎ ያውቃሉ።”

ቁልፋቸውን አነሱ። ደጅ ወጥተው መኪናቸውን ሲያስነሱ እኔና እታለም ሁለታችንም እያዳመጥን ነበር። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሌላ የሚገዛ ሰው አልነበራትም። ሌላ የምታውቀው ገዢ ሁሉ ያችን ጠመንጃ የሚወስዳት ወደ ክፍለ ሀገር ነበር።

“ለምን?” አለችኝ።

ብይዋ ጉንጬ ውስጥ ናት። ልተፋት እችል ነበር። እታለም ጠበቀችኝ፤ ሰውን መጠበቅ ታውቅበታለች። ቃሉ አልመጣም።

“እንድትሸጥ ብለህ ነው?”

ውሸት አልነበረም። እንድትሸጥ ብዬ ነው። ግን ሙሉው ያ አልነበረም። ራሴን ነቀነቅኩ።

ሰደፏን እንደገና ወደ ብርሃን አዞረች። ረጅም ጊዜ አየችው። “ሥራው ጥሩ ነው” አለች። “እጅህ የአባታችን እጅ ነው። ለዚህ ግን አልነበረም ያሳየሁህ።” ከዚያ ጨርቁን አለበሰቻት። “ሂድና ለባለቤቷ ንገራቸው። እኔ አልነግርልህም።”

ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከጌጃ ሰፈር ሰንጋ ተራ ሩቅ አይደለም፤ ያን ቀን ግን ብዙ ሄድኩ። ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ሰዎች ጄሪካን ተሸክመው ይወጣሉ፣ ውሃው ይንጠባጠባል፣ እኔም በእርጥቡ ላይ እየተንሸራተትኩ ወጣሁ። አባባ ቱሉ አባታቸውን እንደሰደብኩባቸው አድርገው የሚቆጥሩት መሰለኝ። አዳኝ የተሰደበ እንደሆነ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር።

በሩን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። ቤቱ አዲስ ቀለም ይሸታል። መስኮቱ ላይ ስድስቱ የተጣመሙ ሚስማሮች ተደርድረው ነበር። ለምን እንዳስቀመጧቸው እንጃ።

“ጉንጭህ ምን ሆነ?”

በጣቴ ጠቆምኳቸው።

“ትፋው” አሉኝ። መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። “አባቴም ቢሆን አውሬው ከወደቀ ይተፋታል። አንተ ምን ጥለህ ነው ይዘሃት የምትዞረው?”

ብይዋን መዳፋቸው ላይ ተፋሁና ነገርኳቸው። በአንድ ትንፋሽ አልነበረም፤ እየቆምኩ፣ እንደገና እየጀመርኩ። ባለ ሆቴሉን፣ ስምንቱን፣ ሎሚውን፣ ሻዩን። በተለይ ሻዩን። እሳቸው ሻይ ሲጠጡ ቀና ብለው እንዲያዩዋት ብዬ መሆኑን። ብይዋን መዳፋቸው ላይ አገላበጧት። ከመስኮቱ ውጭ ሲሚንቶ የሚያቦካ መኪና ይጮኻል።

“ለመሆኑ ምንና ምን ናቸው?” አሉ በመጨረሻ።

“ምኖቹ አባባ?”

“ሁለቱ ሚስማሮችህ። አውሬ ካልወደቀ ሚስማር አይመታም።”

አሰብኩ። “አንዱ ዝሆን ነው።”

“ሁለተኛውስ?”

“አላውቅም።”

“ጥሩ። አባቴም ስድስተኛውን አያውቀውም ነበር። ጭጋግ ውስጥ ተኮሰ፣ ሲወድቅ ሰማ፣ ሲሄድ ደም አለ፣ አውሬ የለም። ሚስማሩን ግን መታው። ይህን ለእህትህ አልነገርኳትም። አፍሬ ነው። ንገራት፣ ትጻፈው።”

ተመልሼ ያንን ነገርኳት። የራሴን አልነገርኳትም።

በማግስቱ አባባ ቱሉ ራሳቸው መጡ፤ ያን ሁሉ ደረጃ ወርደው። እታለም ዳቦ ግዛ ብላ ላከችኝ። ዳቦ ነበር፣ አይቼዋለሁ። ስመለስ ያወሩት የነበረውን አቆሙ። ሁለቱም ወደ እኔ አዩ፣ ከዚያ አባባ ቱሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ እኔ መሆኑን አውቄ ነበር። ሁለተኛ ወርክሾፑ እንዳልገባ የሚመክሩ መሰለኝ።

ያን ቀን እታለም ጠመንጃዋን ለራሷ ገዛቻት። ገንዘቡን ሰጠቻቸው፤ ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከመንገድ በሚታየው ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጋ ሰቀለቻት። የእኛ ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ሚስማር ይቀበላል። ከዚያ የድሮውን ካርቶን ቀድዳ አዲስ ቆረጠች። ከሌሎቹ ይበልጣል። ረጅም ጊዜ ጻፈች። እኔ ከበርጩማዬ ላይ ሆኜ መስመሮቹን ቆጠርኩ፤ ማንበብ ግን አልፈለግኩም። የተጨመረው መስመር የእኔ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ሁለቱ የውሸት ናቸው፣ ወንድሜ እንድትሸጥ ብሎ የመታቸው። ሌላ ምን ይጻፋል? እሷ የምታውቀውን ነው የምትጽፈው፤ እኔ ራሴን ነቅንቄ ያሳወቅኳት ያንን ነው። ጽሑፉን ወደ ግድግዳ አዙራ አሰረችው። ለእኔ ብላ ያዞረችው መሰለኝ።

አባባ ቱሉ በየሳምንቱ እየመጡ በሩ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሻይ ከማዶው ሻይ ቤት የማመጣላቸው እኔ ነኝ። ብይዋን አልመለሱልኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ጳጉሜ ላይ ዝናቡ ቆመ፣ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ክረምቱ አለቀ። እታለም ለምን ብላ ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ጠመንጃዋን አወረድኳት። እንደምታደርገው አደረግኩ። ዘንጉን ሰደድኩ፣ በጣቴ ያዝኩ፣ ከጎኗ አስተኛሁ። ባዶ ናት። ሰደፏን በሰሙ ወለወልኳት። ዓይኔን ጨፍኜ በአውራ ጣቴ ቆጠርኩ። ስምንተኛውና ዘጠነኛው አሁን ጥፍር አይዙም። ከእንጨቱ ጋር አርጅተዋል።

ከዚያ ካርቶኑን አዞርኩት። የእጅ ጽሑፏ ነው። ፊደሎቿ ቀጥ ያሉ ናቸው።

*በአፈ ሙዝ የምትጎርስ የአደን ጠመንጃ። አትተኩስም።*

*ሰባት ሚስማር የአዳኙ ነው፤ ልጁ እንደነገሩኝ። ስድስተኛው ምን እንደነበር አይታወቅም።*

*ሁለት ሚስማር የወንድሜ ነው። ሽማግሌው ሻይ ሲጠጡ እንዲያዩዋት ብሎ የመታቸው። ይህን አውቃለሁ።*

የእኔ መስመር ላይ “እንደነገሩኝ” አላለችም። ሲባጎውን በጣቴ ይዤ እዚያው ቆየሁ። 

እሁድ ገዢው መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ስለ እህቴም ነፍስ ይማር ብሎኛል። ጠመንጃዋን አገላብጦ ሚስማሮቹን ቆጠረ።

“ዘጠኝ” አለ።

“አትሸጥም” አልኩት። “ይቅርታ፣ እስከዚህ ድረስ አስለፋሁህ።”

“ለምን?” አለኝ።

በዚህ ጊዜ አፌ ውስጥ ምንም አልነበረም። ነገርኩት።